ለሐዋሳ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችና የመዘምራን ኃላፊዎች፦ የፋሲካው ዝማሬ ከኦርጋኑ በላይ ይሰማ

ይድረስ፦ በሐዋሳ ከተማ ለምትገኙ አብያተ ክርስቲያናት መጋቢዎች፣ ካህናት፣ ሽማግሌዎች፣ የመዘምራን ኃላፊዎችና የበጀት ኮሚቴ አባላት

ጉዳዩ፦ ከሆሳዕና እስከ ጰራቅሊጦስ ያለውን የኦርጋንና የኳየር አገልግሎት ከአሁኑ ስለማሰናዳት

በጌታ የተወደዳችሁ፣

የ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል። ሆሳዕና ሚያዝያ 17፣ ስቅለት ሚያዝያ 22፣ ዕርገት ሰኔ 3፣ ጰራቅሊጦስ ሰኔ 13 ነው። ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል፤ ከዚያ እስከ ፋሲካ ስምንት ሳምንት አለ። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚያጠና ኳየር ይህ ዐሥራ ስድስት ጥናት ማለት ነው። ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ የተማሪዎች ፈተናና ዝናቡ ከዚህ ላይ ሲቀነስ ዐሥር ጥናት ቢተርፍ ነው። ቀድመን የምንጽፍላችሁ ለዚህ ነው፤ በሕማማት ሳምንት የሚሰጥ ምክር ለማንም አይጠቅምም።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በፋሲካ ማለዳ ምእመኑ የራሱን ድምፅ እየሰማ ይዘምር። ዛሬ በብዙ አዳራሾቻችን የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ኪቦርዱ፣ ቤዝ ጊታሩ፣ ድራሙና የአራት አምልኮ መሪዎች ማይክ ተደራርቦ ስፒከሩ ሲያጓራ ሕዝቡ አፉን ይዘጋል። እጁን ያነሣል፣ ያጨበጭባል፣ ግን አይዘምርም። ሰው ከጎኑ ያለውን ካልሰማ ዜማውን ለመያዝ አይደፍርም፤ የራሱንም ካልሰማ ወይ ይጮኻል ወይ ይተወዋል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሽማግሌ በሁለተኛው አዝማች ላይ አዳራሹ መሃል ቆሞ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ የሚሰማው የማን ድምፅ እንደሆነ ያዳምጥ።

ከዝምታው እንጀምር፤ የፋሲካ ዝማሬ ጉልበት የሚያገኘው ከፊቱ ካለው ጸጥታ ነውና። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፣ ጸናጽልም ያርፋል፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ይዘመማል። በላቲን ሥርዓት ደግሞ በጾሙ ወራት ኦርጋን የሚነካው በጥቅሉ ዝማሬን ለመደገፍ ብቻ ነው፤ «ሀሌ ሉያ» እስከ ፋሲካ ሌሊት አይዘመርም፤ በጸሎተ ሐሙስ «ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት» ከተዘመረ በኋላም ደወሉ ዝም ይላል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ያለ የተጻፈ ደንብ ስለሌለ ውሳኔው በኪቦርድ ተጫዋቹ ጣት ላይ ይወድቃል። ተጫዋቹም ዝምታ ያስፈራዋል። ስብከት ሲሰበክ ከሥር ስትሪንግ ይዘረጋል፣ ጸሎት ሲጸለይ ይዘረጋል፣ ስለ ስቅለቱ የወንጌሉ ቃል ሲነበብም ይዘረጋል። ከዚያ እሑድ ሲደርስ አዲስ የሚሆን ድምፅ አይቀርለትም፤ ጆሮ ለምዶታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናችን ይህ ነው፤ የስቅለት ዕለት ኪቦርዱ ሶኬቱ ይነቀል። በዕለቱ የሚዘመረው ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ ያለ መሣሪያ፣ ዝግ ብሎ ይዘመር። ዜማው ሰውን ሁሉ የሚያቅፍ የታወቀ ይሁን፣ ከአምስት ወይም ከስድስት ኖት የማያልፍ። እንደማይከብድ የፋሲካ ሰላምታችን ራሱ ይመሰክራል። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ የሚመልስ ሕዝብ ኮርድ ጠብቆ አያውቅም። መሪው ይላል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ ዝማሬያችን ሁሉ የተሠራበት መንገድ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ኦርጋኑ። እኛ ዘንድ ኦርጋን ሲባል ባለ ቧንቧው አይደለም፤ በመቆሚያ ላይ የሚቀመጠው ኪቦርድ ነው። የኦርጋን ድምፅ ግን በውስጡ አለ። በአብዛኞቹ ኪቦርዶች ውስጥ በጄኔራል ሚዲ ስምምነት የተደረደረ የድምፅ ዝርዝር ይገኛል፤ 17 ድሮባር ኦርጋን፣ 18 ፐርከሲቭ ኦርጋን፣ 19 ሮክ ኦርጋን፣ 20 ቸርች ኦርጋን፣ 21 ሪድ ኦርጋን ነው። ከዜሮ የሚቆጥር ኪቦርድ ከሆነ አንድ ቁጥር ይቀነሳል። ለሕዝብ ዝማሬ የሚሆነው 20 ነው። 19 በውስጡ የሚሽከረከር ስፒከር ዓይነት መንቀጥቀጥ አለበት፤ ሕዝቡ ኖቱን አጥርቶ እንዳይይዝ ያደርጋል። ድሮባር (የኦርጋኑን ድምፅ እየሳቡ የሚጨምሩበትና የሚቀንሱበት ዘንግ) ያለው ኪቦርድ ካላችሁ 8 የተባለውን ሙሉ፣ 4 የተባለውን ግማሽ ስቡ። 8 ኖቱን እንደተጻፈው ይሰጣል፤ 4 አንድ ኦክታቭ፣ 2 ሁለት ኦክታቭ ከላይ ይጨምራል፤ 16 አንድ ኦክታቭ ወደ ታች ይወርዳል። በፋሲካ ማለዳ የመጀመሪያው ስንኝ በ8ና በ4 ይጀመር፣ መሃል ላይ 4 ይቀነስና 8 ብቻ ይቅር፣ የመጨረሻው ስንኝ ላይ 2 ይጨመር። ይህን ያህል ብቻ ለውጥ ቮሊዩም ሳይነካ አዳራሹን ያነሣዋል።

በፒያኖ ያደገ ጣት ኦርጋን ላይ የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። የፒያኖ ድምፅ ከተመታ በኋላ እየሞተ ይሄዳል፤ የኦርጋን ግን ጣት እስኪነሣ ድረስ ያው ነው። ሪትሙ የሚሰማው ጣት ሲያርፍ ብቻ ሳይሆን ሲነሣም ነው። ስለዚህ ጣት ከተነሣ በኋላም ድምፅ የሚያቆየው ሰስቴይን ፔዳል ይነቀል፣ እንደ ጣት ምት ጥንካሬ ድምፁን የሚለዋውጠው ተች የተባለው ይጥፋ፣ ሪቨርብ ይቀነስ፤ የኮንክሪት አዳራሽ የራሱ ማስተጋባት አለው። የስንኙ መጨረሻ የአራት ምት ኖት ከሆነ ሦስቱን ምት ይዞ በአራተኛው ላይ ሁለቱንም እጅ ማንሣት ያስፈልጋል። ያቺ የአንድ ምት ክፍተት ለሕዝቡ «ተንፍስ» ማለት ናት። ተጫዋቹ ቃሉን በአፉ እየዘመረ ቢጫወት ሳያስበውም እዚያው ላይ ይነሣል፤ ትንፋሽ እሱንም ያጥረዋልና። ቃሉን የማይዘምር ተጫዋች ግን ኮርዱን እስከሚቀጥለው ስንኝ ይጎትታል፤ ሕዝቡ የት እንደሚተነፍስ ስለማያውቅ ግማሹ ቀድሞ ግማሹ ዘግይቶ ይገባል።

ግራ እጅም ችግር አለበት። ከመካከለኛው ሲ አንድ ኦክታቭ በታች ሦስት ኖት ያለው የተጠጋጋ ኮርድ ሲያዝ ድምፁ ይደፈርሳል፤ ዝቅ ያሉ ኖቶች ሲቀራረቡ ጆሮ ለይቶ ሊሰማቸው አይችልም። እዚያ ታች አንድ ኖት፣ ካስፈለገም ኦክታቭ ወይም አምስተኛ (ከሲ እስከ ጂ ያለው ርቀት) ይበቃል። ቤዝ ጊታር ካለ ደግሞ ግራ እጅ ከነጭራሹ ወደ መሃል ይውጣ። ሁለቱ አንድ መስመር ሲጫወቱ አንዱ ለትንሽ ቢዘገይ የባስ ድምፅ መዘምራን መያዣ ያጣሉ።

ሕዝብ ዜማ ይጎትታል ተብሎ ይወቀሳል፤ ምክንያቱ ግን ስንፍና አይደለም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። 30 ሜትር በሚረዝም አዳራሽ መጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ሰው ኦርጋኑን የሚሰማው 0.09 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው፤ የእሱም ድምፅ መድረኩ ላይ ሲመለስ ሌላ 0.09 ይጨምራል። በደቂቃ 100 ምት በሚሄድ መዝሙር አንድ ምት 0.6 ሰከንድ ነው፤ የሁለቱ ድምር የምቱን ሲሶ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም። ተጫዋቹ የተመለሰውን ድምፅ ሰምቶ «ልጠብቃቸው» ካለ ሕዝቡም እሱን ይጠብቃል፤ በአራተኛው ስንኝ መዝሙሩ ይተኛል። የኋላውን አለመጠበቅ፣ በመግቢያው ላይ የመጨረሻውን ስንኝ በትክክለኛው ፍጥነት ተጫውቶ እዚያው ፍጥነት ላይ መጽናት ነው መፍትሔው።

ስለ ቅኝት ረዘም አድርገን እንድንናገር ፍቀዱልን፤ ከኪቦርድ ጋር የመጣው ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ነው። የፋሲካ መዝሙሮቻችን አብዛኞቹ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ የተሠሩ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አምስት ኖት አላቸው። አምባሰል ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ልብ በሉ፤ ከሲ በላይ ሦስተኛ የሚባል ኖት የለውም፤ ኢም ኢ ፍላትም በውስጡ የሉም። መዝሙሩ ሲ ላይ ሲያርፍ ግን የተጫዋቹ እጅ በልምድ ሲ ማይነር ወይም ሲ ሜጀር ይይዛል። ያኔ ቅኝቱ የማያውቀው ኖት ይገባና ያ አንጀት የሚበላው የአምባሰል ማረፊያ ተራ ይሆናል። ማረፊያው ላይ ሲና ጂ ብቻ ክፍት አድርጎ መያዝ ነው የሚሻለው። መሃል ላይ ኮርድ ከተፈለገ ኤፍ ማይነርና ዲ ፍላት ሜጀር አሉ፤ የሁለቱም ኖቶች በሙሉ በቅኝቱ ውስጥ ያሉ ናቸው።

በትዝታ ሜጀር፣ ማለትም ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ የሚገኙት ሙሉ ኮርዶች ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ናቸው። በትዝታ ማይነር፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ ማይነርና ኤ ፍላት ሜጀር ይገኛሉ። በባቲ ሜጀር፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ፣ ሲ ሜጀርና ኢ ማይነር አሉ። በባቲ ላይ የሚዘወተረው ስሕተት ኤፍ ሜጀርና ጂ ሜጀር መጨመር ነው፤ ኤፍ ሜጀር ኤን፣ ጂ ሜጀር ዲን ይዞ ይገባል፣ ሁለቱም ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። አንቺሆዬ ደግሞ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ ሙሉ ሜጀር ወይም ማይነር ኮርድ ፈልጋችሁ የምታገኙት ኤፍ ሜጀርንና ጂ ፍላት ማይነርን ብቻ ነው። በአንቺሆዬ የተሠራ መዝሙር አራት ድምፅ ባይከፈል እንመርጣለን። ባሶች ማረፊያውን ኖት ይዘው ይቆዩ፣ ሌላው ሁሉ ዜማውን ይዘምር። አጃቢውን በራሱ የሚጫወተው የኪቦርዱ የስታይል ቁልፍ በእነዚህ ሁሉ ላይ ጠላት ነው፤ አንድ ጣት ሲነካ ራሱ ሦስተኛ ይጨምራል፣ ከፈለገም ሰባተኛ።

ለአልቶ ድምፅ ሲሠራም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ አልቶ «ሦስተኛ ዝቅ ብላችሁ ዘምሩ» ይባላል፤ በባለ አምስት ኖት ቅኝት ይህ ወዲያው ከመንገድ ያወጣል። የሚሠራው ዘዴ ከቅኝቱ አንድ ኖት ዘሎ የሚቀጥለውን መስጠት ነው። በትዝታ ሜጀር ሲ ከኢ፣ ዲ ከጂ፣ ኢ ከኤ፣ ጂ ከሲ፣ ኤ ከዲ ይጣመራሉ። ከአምስቱ ጥምር አንዱ ብቻ ሦስተኛ ነው፣ አራቱ አራተኛ ናቸው። መጀመሪያ ሲሰሙት ባዶ ይመስላል፤ በሃያ ሰው ድምፅ ሲዘመር ግን አዳራሹን የሚሞላው እሱ ነው።

የውጭውን የኳየር ሥራ መዘመር የምትፈልጉ አትተዉት። የሃንዴል «ሀሌ ሉያ»፣ በ1741 እ.ኤ.አ. የተጻፈው፣ በፋሲካ በየሀገሩ ይዘመራል። ዋናው ኪ (የዜማው መነሻ ቃና) ዲ ሜጀር ነው፤ «የነገሥታት ንጉሥ» የሚለው ላይ ሶፕራኖዎች ደረጃ በደረጃ እየወጡ ይሄዳሉ፤ ድምፁ ያልሠለጠነ ኳየር እዚያ ላይ ይጮኻል። አንድ ቶን አውርዶ በሲ ሜጀር መዘመር ነውር የለበትም። ስምንት ሳምንት ውስጥ ግን ከሌላ ሦስት አዲስ መዝሙር ጋር አብሮ አይጠናም፤ ወይ እሱ ወይ ሌሎቹ።

ኪን በተመለከተ፦ ሕዝብ የሚዘምረው ሁሉ ለሴቶች ከመካከለኛው ሲ በታች ካለው ቢ ፍላት እስከ ላይኛው ዲ ባለው ውስጥ ይሁን፤ ወንዶች በዚያው አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለው ይገባሉ። ሌሊት ዐሥር ሰዓት ወይም ማለዳ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚዘመር ከሆነ አንድ ቶን ይውረድ፤ ያልነቃ ድምፅ ከፍ ያለውን አይደርስበትም። ኪውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ትራንስፖዝ ቁልፍ ለዚህ ይጠቅማል፣ ነገር ግን ከመዝሙሩ በኋላ ወደ ዜሮ ካልተመለሰ የሚቀጥለው መዝሙር ከቤዝ ጊታሩ ጋር ይጋጫል። የመዝሙሮቹ ዝርዝር ወረቀት ላይ ከእያንዳንዱ አጠገብ ኪውና የትራንስፖዙ ቁጥር ይጻፍ። በቴሌግራም የየድምፁን ቅጂ የምትልኩ አሠልጣኞችም በመጨረሻው ኪ ቅዱ፤ አባላቱ በስልክ የለመዱት ኖት በጆሯቸው ይቀራል።

ቃሉ ይሰማ። አማርኛ በመጥበቅና በመላላት ትርጉም የሚለይ ቋንቋ ነው፤ ሲዳምኛም እንዲሁ ይጠብቃል፣ አናባቢውም ማጠርና መርዘሙ ቃል ይለውጣል። «ተነሣ» የሚለውን የፋሲካ ቃል ውሰዱ። «ሣ» ይጠብቃል። ኳየሩ «ነ»ን ረጅም ኖት ላይ ዘርግቶ «ሣ»ን አላልቶ ሲጥለው ቃሉ ይደበዝዛል። «ነ» ላይ እያሉ በኖቱ መጨረሻ «ስ»ን ዘግተው «ተነስ፣ ሳ» ብለው ቢገቡ ግን የኋላው ወንበር ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሁሉም በአንድ ምት መዝጋት አለባቸው፤ ያለዚያ ሃያ ጊዜ «ስስስ» ይሆናል። አሠልጣኙ በእርሳስ ቃሉ ሥር መስመር ያስምርበት። ከአማርኛ ወደ ሲዳምኛ ወይም ወደ ወላይትኛ የተመለሰ መዝሙር ሲሆን ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ዜማው ላይ ቃሉ መጥበቂያው ላይ መውደቁን ሳያይ አይጠና።

ጥናቱን በአጭሩ፦ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ዐሥር ደቂቃ ድምፅ ማሟቂያ፣ ግማሽ ሰዓት ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖርና ባስ ለየብቻ፣ ግማሽ ሰዓት አብሮ፣ ሃያ ደቂቃ የታወቁት። ያለ መሣሪያ ሲዘመር ኪ ይወርዳል፤ የሚወርደውም በተደጋጋሚ አንድ ኖት ላይና ዜማው ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ነው። ስለዚህ ያለ መሣሪያ ከተዘመረ ስንኝ በኋላ ኦርጋኑ መሃል ላይ ዘው ብሎ አይግባ። ኳየሩ ጨርሶ ጸጥ ይበል፣ ከዚያ ኦርጋኑ አዲስ መግቢያ ይስጥ። የተበላሸውን ኪ ለሕዝቡ የሚያሳብቀው ያ ድንገተኛ መግባት ነው።

ድምፃቸውን ስለመጠበቅ አባላቱን አስጠንቅቁልን። ስቅለት ዕለት ሙሉ ቀን ጾመው ውኃ ሳይቀምሱ ይዘምራሉ፤ የቅዳሜው ሌሊት ደግሞ አዳር ነው። ጉሮሮ በደረቀበት ጮኾ መዘመር እሑድ ላይ ድምፅ ያሳጣል። የስቅለቱን ዝማሬ ዝግ ያለ እንዲሆን የምንለምነው ለዚህም ነው። ሌሊት ከአገልግሎት በፊት ዶሮ ወጡና ቅቤው ቢቆይ፣ ለብ ያለ ውኃ ቢጠጣ ይሻላል፤ በሙሉ ሆድ ዲያፍራም አይወርድም፣ የበርበሬው ቃርም ወደ ጉሮሮ ይመለሳል።

ማይክ፦ ለ24 ሰው ኳየር ስድስት የእጅ ማይክ ማደል ትልቅ ስሕተት ነው። ማይኩን የያዘው ሰው ድምፅ ብቻ ይወጣል፣ ኳየሩ ስድስት ሶሎ ይሆናል። ሁለት ኮንደንሰር ማይክ በመቆሚያ ላይ ይበቃል፤ ከፊት ረድፍ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ርቀው፣ ከራሳቸው በላይ ከፍ ብለው፣ ወደ ኋለኛው ረድፍ ያዘነበሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከማይክ እስከ ዘማሪ ካለው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ አንድ ድምፅ ሁለቱ ውስጥ ገብቶ ይቦረቡራል። ኮንደንሰር 48 ቮልት ከሚክሰሩ ስለሚፈልግ ያ ቁልፍ መብራቱን ተመልከቱ። ሞኒተሩ (ወደ መዘምራኑ የዞረው ስፒከር) ከማይኩ ጀርባ ይሁን። ማፏጨት ሲጀምር ቮሊዩም መጨመር ሳይሆን የኪቦርዱን ሞኒተር መቀነስ ነው።

የመብራት ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ኪቦርድና ትንሽ ሚክሰር የሚበሉት ኃይል አነስተኛ ስለሆነ አንድ ትንሽ ዩፒኤስ (ባለ ባትሪ የኃይል መጠባበቂያ) መብራት ሄዶ ጀኔሬተር እስኪነሣ ያቆያቸዋል፤ አምፕሊፋየሩ ግን እዚያ ላይ አይሰካ፣ ወዲያው ይጨርሰዋል። ጀኔሬተሩ ሲነሣ መጀመሪያ ቮልቴጁ ይወጣል ይወርዳል። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፣ ከዚያ ሚክሰሩ፣ ቀጥሎ ኪቦርዱ፣ መጨረሻ ላይ አምፕሊፋየሩ ይብራ። ሲጠፋ አምፕሊፋየሩ ይቅደም። በየዓመቱ ስፒከር የሚቃጠለው ይህ ቅደም ተከተል ሳይጠበቅ ሲቀር ነው። የኪቦርድ አዳፕተር ሲጠፋ ከሱቅ የተገኘውን መሰካትም አደገኛ ነው፤ ቮልቱ ብቻ ሳይሆን ፖዘቲቩ መሃል ወይም ውጭ መሆኑ ከኪቦርድ ኪቦርድ ይለያያል። ሶኬቱ አጠገብ የተሳለችውን ምልክት ከአዳፕተሩ ጀርባ ካለችው ጋር አመሳስሉ። ያልተመሳሰለ ካርዱን ያቃጥላል።

ሚያዝያ መጨረሻ ሐዋሳ ላይ ዝናብ ነው። በቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናብ ሲወርድ ስፒከር አሸንፎት አያውቅም። ያኔ አራቱን ድምፅ ተዉት፤ ኳየሩ ከመድረክ ወርዶ በሕዝቡ መሃል መተላለፊያው ላይ ይቁም፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ የታወቀውን ይዘምር፣ ከበሮ ይምራ። አዲሱ መዝሙር ዝናቡ እስኪያባራ ይቆይ። ይህ አስቀድሞ የተነገረ ሲሆን ብቻ ነው የሚሠራው፤ መሪው በምን ምልክት እንደሚያስወርዳቸው ይወቁ።

ኮርኒስ የሌላቸው አዳራሾች ኮርኒስ ቢሠራላቸው ከአዲስ ስፒከር ይልቅ ይጠቅማቸዋል። የበጀት ኮሚቴዎች ይህን እንድታስቡበት እንለምናለን፤ ብሩ ካነሰ ደግሞ በመጀመሪያ ዩፒኤሱ፣ ቀጥሎ ሁለቱ ማይክ፣ ኪቦርዱን መቀየር መጨረሻ።

ሌላው የሚያሳዝነን ፋሲካ ሰኞ ላይ ማለቁ ነው። ኳየሩ ስምንት ሳምንት ያጠናውን አንድ ማለዳ ዘምሮ ያርፋል፤ ጋውኑ ይታጠፋል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ግን በዓሉን ጨምሮ ስምንት እሑድ አለ፤ ሃምሳው ቀን በሙሉ የትንሣኤ ወራት ነው። ሕዝብ አዲስ መዝሙር የሚይዘው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ ነው። ስለዚህ ለፋሲካ ሦስት አዲስ ብቻ ይመረጥ፤ ከሦስቱ አንዱ ለሕዝብ የሚሆን፣ አዝማቹ አጭር የሆነ ይሁን። ይህ አንዱ ግንቦት 1 በዳግም ትንሣኤ ይደገም፣ እስከ ዕርገት በየእሑዱ ይመለስ። በጰራቅሊጦስ ሕዝቡ ያለ ወረቀት ይዘምረዋል። ያኔ ኦርጋኑ በመጨረሻው አዝማች ላይ እጁን ቢያነሣ ማንም አይደናገጥም።

እንግዲህ ከሽማግሌዎች የምንፈልገው በቃለ ጉባኤ የሚያዝ አንድ ውሳኔ ነው። ቅዳሜ ሚያዝያ 16፣ የሆሳዕና ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት የየቤተ ክርስቲያኑ ኳየር የፋሲካውን ዝማሬ በሙሉ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ያጥና። ቆጣሪው ይዘጋ፣ ኪቦርዱ ይሸፈን፣ መስኮቱ ይከፈት። አሠልጣኙ መነሻ ኖቱን በቲዩኒንግ ፎርክ (ሲመታ አንድ ኖት በሚሰጥ ሹካ) ወይም በስልክ ይስጥ። አንድ ሽማግሌ መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጥና ያልሰማውን ቃል ይጻፍ። ያልተሰማው ቃል ያለበት መዝሙር በሕማማቱ ሳምንት ይታረም፤ ሊታረም ካልቻለ ከፋሲካው ፕሮግራም ወጥቶ ለዳግም ትንሣኤ ይተላለፍ።

ብትፈቅዱልን በዚያ ቅዳሜ ከእኛ አንድ አንድ ሰው ወደ ጠራችሁበት ይመጣል፤ ፎርኩንም እርሳሱንም ይዞ።

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

በሐዋሳ ከተማ በተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት የምናገለግል የመዘምራን አሠልጣኞች፣ የኪቦርድ ተጫዋቾችና የድምፅ ባለሙያዎች